ሁለት ወደብ

ጋሊሲያ ዳርቻ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ዓሣው በየሣጥኑ በበረዶ ሲረጋ፣
ከጨረታው አዳራሽ ስልክ ተደወለ፤
«ኢሪያ፣ ድረሽልን! ሚዛኑ ዝም አለ፤
ማተሚያው ለገመ፤ ሰርቨሩ በበኩሉ
አላውቃቸውም ብሎ ማለ።»

ደረስኩኝ በዝናብ። ከደረጃው በታች፣
ከመወልወያውና ከባልዲው መካከል
ተቀምጦ አገኘሁት፤ አሮጌ፣ ጨው የላሰው፣
ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ የሚያለከልከው፣
ጀርባው ላይ መሰኪያ
ሁለት ብቻ ያለው።

በአንደኛው የፈቃድ ቁልፍ ተሸጉጣለች፤
ከጥፍር አትበልጥም፣ ግን ንግሥቷ እሷ ነች፤
እሷ ከተነቀለች ፕሮግራሙ ይዘጋል፣
ጨረታ የሚባል የለም፣ ዓሣው ይገማል።
ሁለተኛው የኪቦርዱ ነው። በቃ።
የቀሩት እንግዶች ግን፣
ሚዛን፣ የመለያ ማተሚያ፣ ባርኮድ አንባቢ፣ ዲስክ፣
ጅራታቸውን ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል፤
ሁለት ጡት ላላት ፍየል ስድስት ግልገል ተወልዷል።

«አዲስ ሰርቨር ግዙ» አልኩት ለሴቬሪኖ።
የማኅበሩ ጸሐፊ ሳቀብኝ አዝኖ፤
«ሰርዲኑ ከራቀን ሁለት ክረምት ሆኖ፣
በምናችን?»

ከቦርሳዬ አወጣሁ አንድ ነጭ ማከፋፈያ፣
በአራት ዩሮ የገዛሁት ከርካሽ ዕቃ ገበያ፤
አንዷን ቀዳዳ ሰባት አደርጋለሁ ባይ፣
እንደ ደረቀ ቅጠል የማይከብድ እጅ ላይ።
ኪቦርዱን ነቅዬ እሱን አስገባሁ፤
ሁሉንም በየተራ አጎረስኩ፣ ጠበቅሁ።
ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ።
ሴቬሪኖ አጨበጨበ፤ ሰዉ «ተመስገን» አለ።

ሦስት ሣጥን ተሸጠ። በአራተኛው ላይ
ዲስኩ የሌሊቱን ሒሳብ ሊገለብጥ መሽከርከር ሲጀምር
መብራቱ እንደ ጧፍ ፈዘዘ፣ ተንቀጠቀጠ፣
ማተሚያው ወረቀቱን ግማሽ ላይ ዋጠ፤
ሠላሳ ኪሎ የሚያልፍ ዓሣ ተጋድሞ
«ዜሮ» ብሎ አነበበ ሚዛኑ ታሞ።
«በዜሮ ገዛሁት!» አለ አንዱ ነጋዴ፤
ሳቁ ጣሪያ ነካ፣ ቀላ ጆሮ ግንዴ።

ሊሳርዶ ብቻ አልሳቀም።
ሽማግሌው ካፒቴን፣ ኦክቶፐሱን በባልዲ ይዞ ተራ የሚጠብቀው፣
በክርኔ ይዞ መስኮቱ ዘንድ ወሰደኝ።
«እስቲ ቁጠሪልኝ፤ ይሄ ወደብ ስንት ቀለበት አለው?»
«ሁለት።»
«የታሰረውስ ጀልባ?»
ዘጠኝ። ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፤
አንዱ ከድንጋዩ፣ ሌላው ከአንዱ ወገብ፣
ሦስተኛው ከሌላው…

«ሞኙ የጎረቤቱን ወገብ ይይዝና ይተኛል፤
ማዕበል የመጣ ሌሊት የሁሉም ሸክም
አንዲት ቀለበት ላይ ይንጠለጠላል።
ልባሙ ግን መንገድ ብቻ ይለምናል፤
በባልንጀራው ላይ ተረማምዶ ያልፋል፣
ገመዱን ግን፣ የራሱን፣ እስከ የብሱ ቋጥኝ ይስባል።»

ስለ ሰርቨር ምንም አያውቅ፤
ኦክቶፐሱ እንዲመዘን ነበር የሱ ጭንቅ።

ሮጥኩ ወደ መኪናዬ። ከወንበሩ ሥር
ከባዱ፣ ጥቁሩ ማከፋፈያ ነበር፣
ከነኃይል መስጫው፣ ከነጡብ መሳይ ራሱ፤
ለውድ ደንበኛ ብዬ የሰሰትኩለት እሱ።
መጀመሪያ ከግድግዳው፣ ከዚያ ከሰርቨሩ አገናኘሁት።
አሁን ቃላቸው ብቻ በጠባቧ በር ያልፋል፤
ጉልበቱን ግን ሁሉም ከግድግዳ ይጠጣል።

ዲስኩ ተሽከረከረ። መብራቱ አልደነገጠም።
ሠላሳ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም፤
ነጋዴው ዋጋውን ሲሰማ አልሳቀም።

ቀዳዳ ተርፎ ነበር። ሴቬሪኖ ስልኩን ይዞ መጣ፤
«ባትሪዋ ሞታለች፤ ትንሽ ብትጠጣ?»
እጁን መታሁት።

ሲነጋ፣ ሊሳርዶ ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ
አራት ጀልባ ተሻገረ፣ አንዱን «ይቅርታ»፣ አንዱን «እንዴት አደርክ» ብሎ፤
አምስተኛዋ ላይ ደርሶ ጎንበስ አለና
ገመዱን ሳብ አድርጎ ፈተሸ፣
እንደገና።